የማይወርደው ቁጥር

ራግናር ኒስካ ወደ ላብራቶሪው የመጣው በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ነበር። ላብራቶሪው ሰው ተቀብሎ አያውቅም። የሚቀበለው ከሰሜን ስዊድን ጤና ጣቢያዎች በሣጥን የሚላክለትን ደም ነው፤ የደሙንም ባለቤት ከመለያ ቁጥሩ በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ አንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው የጸጉር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ ሠራተኞቹ ቤት የተሳሳተበት ቧንቧ ጠጋኝ መስሏቸው ነበር።

«ሲግብሪት ሩድ የምትባል ሴት ፈልጌ ነው» አለ። «ወረቀቱ ላይ የፈረመችውን።»

ሲግብሪት ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። «እኔ ነኝ። ውጤት ከሆነ የሚሰጥዎት ሐኪምዎ ነው እንጂ እዚህ አይደለም።»

«ሐኪሜማ ሰጥቶኛል። ሦስት ጊዜ ሰጥቶኛል።» ከኮቱ ኪስ ሦስት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት። ከሦስቱም በታች የእሷ ፊርማ አለ።

ሲግብሪት ቁጥሮቹን ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት። በዚህ የመጠጥ ምርመራ ከሃያ በላይ የወጣለት ወንድ ሁሉ ከባድ ጠጪ ተብሎ ይያዛል። ያንን ሃያ የሚል ድንበር ያሰመረችው ደግሞ ራሷ ናት ማለት ይቻላል።

ኖርሀምን ወደምትባለው ወደዚህች ከተማ ስትመጣ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃምሳ አራት ሆናለች። እነዚያን አሥራ ሁለት ዓመታት ያሳለፈችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አንድ ሰው አብዝቶ መጠጣቱን ከደሙ እንዴት ማወቅ ይቻላል? አልኮሉ ራሱ በማግስቱ ከደም ይጠፋል። የጉበት ምርመራውም ቢሆን ውፍረት ከፍ ያደርገዋል፣ መድኃኒት ከፍ ያደርገዋል፤ አያስተማምንም። በኋላ ግን ብረት ተሸክሞ በደም ውስጥ የሚዞር አንድ ፕሮቲን ተገኘ። ይህ ፕሮቲን እንደ ጭራ የተንጠለጠሉ ስኳሮች አሉት። ሰው ለሳምንታት በየቀኑ አብዝቶ ከጠጣ ጭራዎቹ እየጎደሉ ይሄዳሉ። ጭራ የጎደለውን መቁጠር ነው፣ በቃ። ሲግብሪት ከማገገሚያ ቤት ሰካራሞች፣ ከወታደሮች፣ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር ሴቶች የአራት መቶ ሰው ደም ሰብስባ አነጻጽራለች። ሦስት ቀን የሚፈጀውን የድሮ ዘዴ አስቀርታ፣ በአንድ ቀን ቁጥር የሚሰጠውን አዲሱን ፈጣን መሣሪያ ያስገባችውም እሷ ናት።

«ምን ልርዳዎት?» አለች።

«አውቶቡስ ነጂ ነኝ» አለ ራግናር። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ እስከ ፊንላንድ ድንበር ነድቻለሁ። ተማሪ አመላልሻለሁ፣ በሽተኛ አመላልሻለሁ። አንድ መስታወት እንኳ ሰብሬ አላውቅም። ባለፈው መከር ለሁላችንም የጤና ምርመራ ተደረገና ይሄ መጣ።» የመጀመሪያውን ወረቀት በጣቱ ነካው። «ስድስት ሳምንት መጠጥ አቁም አሉኝ። ከምኑ ነው የማቆመው? እኔ የምጠጣው ለገና በዓል አንዲት ብርጭቆ ነው። እሺ ብዬ እሷንም ተውኳት። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። መንጃ ፈቃዴን ወሰዱት። ሚስቴም ሄደች።»

ሲግብሪት ሦስተኛውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችው።

«ደሜን አሁኑኑ ውሰዱት። ከፈለጋችሁ አንድ ክፍል ቆልፉብኝና ውሃና ዳቦ ብቻ ስጡኝ። ከወር በኋላ ደግማችሁ ለኩት። እናቴን ይንሳኝ፣ አልጠጣሁም።»

እስከዚህ ድረስ ሲግብሪት ልታዝንለት ምንም አልቀራት። መሐላውን ስትሰማ ግን ፊቷ ተዘጋ። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እጁን በእሷ ጭንቅላት ላይ ጭኖ «ይህችን ልጅ ይንሳኝ፣ ከንፈሬን አልነካውም» እያለ ለእናቷ ይምል ነበር፤ ጠርሙሱ ግን ከኦርጋኑ ወናፍ ኋላ ይገኛል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የሰው መሐላ ሰምታ አታምንም። ይህንን ሙያ የወደደችውም ስለዚሁ ነው። ደም አይምልም።

«አቶ ኒስካ» አለች፣ «እኔ የምለካው ደም ነው። ሰው የሚለውን አልለካም። ደሙ ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ተናግሯል።»

ራግናር አያት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

«እንግዲያው ደሜ እኔ ሳላውቅ ብቻውን እየጠጣ ነው ማለት ነው» አለና ባርኔጣውን ደፋ። ወረቀቶቹን አላነሳቸውም። «የእርስዎ ፊርማ ነው ያለበት፣ እርስዎ ያስቀምጡት። እኔ ቤት የሚያነበው የለም።»

ወጥቶ ሄደ።

ሲግብሪት ወረቀቶቹን ወደ መሳቢያ ልትከት አነሳቻቸው። ከዚያ እንደገና አስቀመጠቻቸው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። በአምስት ወር ውስጥ የተወሰደ ደም ነው። ሰውዬው ዋሽቶ ይጠጣል እንበል። የሚጠጣ ሰው ግን አንድ ሳምንት ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንድ ሳምንት ገንዘብ ያጣል፣ አንድ ሳምንት ሚስቱን ፈርቶ ይቀንሳል፣ በሌላው ያካክሳል። ቁጥሩም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ካቆመ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የአባቷ ቢለካ ኖሮ እንደ ተራራ መንገድ በሆነ ነበር። የዚህ ሰው ግን እንደ ቁመቱ ነው፤ ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። የጉበቱን ውጤት ከመዝገብ አስወጥታ አየች። የሕፃን ጉበት ነው የሚመስለው። የቀይ ደም ሴሎቹ መጠንም እንከን የለውም።

ይህንን ሁሉ ከዚህ በፊት ማየት ትችል ነበር። አላየችም፤ አንድ ቁጥር ብቻ አይታ ፈርማለች።

ተነስታ ወደ ኃላፊዋ ወደ ብሩር ቢሮ ሄደች። ብሩር ጢማም፣ ግዙፍ፣ ሳንድዊች ከእጁ የማይጠፋ ሰው ነው።

«የምድር ቤቱን ዕቃ ላወጣው ነው» አለችው።

«የቱን? ያንን እንደ ሬሳ ሣጥን ለአራት ተሸክመን ያወረድነውን?»

«እሱኑ።»

«ምነው ሲግብሪት? “ይሄ ነገር ዕድሜዬን በላው፣ ከፊቴ አርቁልኝ” ብለሽ ያስወረድሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም?»

«ነኝ። አሁን ደግሞ አምጡልኝ እያልኩህ ነው።»

ብሩር ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ምን ተፈጠረ?»

«ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ አንድ ሰው ላይ ፈርጄበታለሁ።»

ዕቃው የድሮው ዘዴ መሣሪያ ነው። ዘዴው አዝጋሚ ነው እንጂ ዓይን አለው። ፈጣኑ መሣሪያ ጭራ የጎደለ የመሰለውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ማን ምን እንደሚመስል አያሳይም። በድሮው ዘዴ ግን ፕሮቲኑ በስስ የጄል ንጣፍ ላይ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። እያንዳንዱ ዓይነት ሮጦ ሮጦ የራሱ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ቀለም ውስጥ ሲነከር መሥመር መሥመር ሆኖ ይታያል። የጤነኛ ሰው አንድ ወፍራም መሥመር አለው። የጠጪም ወፍራሙ መሥመር ያው ነው፤ ከጎኑ ቀጫጭን መሥመሮች ይጨመሩበታል።

ሲግብሪት ከማቀዝቀዣ የራግናርን ደም አውጥታ በጄሉ ላይ አስቀመጠችው። ከግራው የጤነኛ፣ ከቀኙ የታወቀ ጠጪ ደም አደረገች። ዓርብ ጠዋት ንጣፉን ከቀለሙ አውጥታ ብርሃን ላይ ዘረጋችው።

የራግናር ሁለቱንም አይመስልም። ሁለት ወፍራም መሥመሮች አሉት፤ እኩል ውፍረት፣ እኩል ጥቁረት፣ እንደ ባቡር ሐዲድ።

ቆማ አየችው። መጠጥ እንዲህ አያደርግም። መጠጥ ከወፍራሙ ላይ ቀንሶ ትንሽ ትንሽ ነው የሚበትነው፤ እኩል ለሁለት አይከፍልም። እኩል ለሁለት የሚከፍለው ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነገር ነው። ይህ ሰው ከአንዱ ወላጁ የተለመደውን ፕሮቲን፣ ከሌላው ደግሞ በአፈጣጠሩ ትንሽ ለየት ያለውን ወስዷል። ስኳሩ አልጎደለም። ጭራው ሙሉ ነው። ፈጣኑ መሣሪያ ግን ያንን ለየት ያለውን ሲያይ ጭራ የሌለው ይመስለዋል። ራግናር ዕድሜ ልኩን ውሃ ብቻ ቢጠጣም ቁጥሩ አይወርድም።

እንዲህ ነው ብላ አሰበች። ማሰብ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱም «መሰለኝ» ተብሎ አይጻፍም። ስልኩን አነሳች።

«አቶ ኒስካ፣ ሲግብሪት ሩድ ነኝ። እናትና አባትዎ በሕይወት አሉ?»

«አባቴ ሞቷል። ለእናቴ ብቸኛ ልጇ ነኝ፤ እሷ ሳርኪኒቫ አለች፣ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ምነው?»

«እናትዎ አልኮል ይጠጣሉ?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ የመሰለ ድምፅ መጣ። «እናቴ? እናቴ እኮ የሳል ሽሮፕ ሲሰጧት መጀመሪያ ጠርሙሱን የምታሸት ሰው ናት! የቁርባኑን ወይን እንኳ ከንፈሯን አስነክታ ነው የምትመልሰው።»

«ይህን ነው የምፈልገው» አለች ሲግብሪት። «ደማቸውን እፈልጋለሁ። ግን ከአሁኑ ይወቁት፤ ነገሩ ከአባትዎ የመጣ ከሆነ የእናትዎ ደም ምንም አያሳይም። ግማሽ በግማሽ ነው።»

«ግማሽ እኮ ብዙ ነው» አለ ራግናር። «እስካሁን ዜሮ ነበረኝ።»

ሰኞ ዕለት በሲግብሪት መኪና ወጡ። እሱ መንዳት ስለተከለከለ አጠገቧ ተቀመጠ። ሲግብሪት መኪና የምትነዳው ከቤት ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ቤት ነው። ከከተማ ወጥተው በረዶው መንገዱ ላይ እንደ መስታወት ማብረቅ ሲጀምር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ራግናር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል።

«እግርዎ ምን እያደረገ ነው?»

«ፍሬን እየያዘ።»

«ፍሬኑ ያለው እኔ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ችግሩ እሱ ነው።»

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ በኋላ እሱ ዝግ ባለ ድምፅ «እዚህ ጋ ጋዙን ልቀቂ... አሁን ያዢ... በቃ፣ ጥሩ» እያለ መራት፤ እሷም ሰማችው። አንቱታው የት ቦታ ላይ እንደወደቀ ሁለቱም አላስተዋሉም።

ስለ ሚስቱ ስለ ማይ-ብሪት የነገራት ጫካው መሀል ሲደርሱ ነው።

«ክፉ ሰው አይደለችም» አለ። «የመጀመሪያ ባሏ ጠጪ ነበር። ሁሉን ነገር ከእሱ ተምራለች። የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ ኮቴን አሸተተች። ሁለተኛው ሲመጣ የተደበቀ ጠርሙስ ፍለጋ ዱቄቱን ነፋች፣ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ግድግዳ በጣቷ እየደበደበች ባዶ ቦታ ፈለገች። ምንም አላገኘችም። ይሄ ባሰባት። “ያኛው ቢያንስ መደበቅ አይችልበትም ነበር” አለችኝ። ሦስተኛው ሲመጣ ሻንጣዋን ይዛ ካሊክስ ከተማ እህቷ ጋ ሄደች።»

«እኔ ብሆንም እሄድ ነበር» አለች ሲግብሪት።

«አውቃለሁ። ማክሰኞ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ሳርኪኒቫ ወንዝ ዳር ያለች የአሥራ ሁለት ቤት መንደር ናት። የእናቱ ቀይ ቤት መጨረሻ ላይ ነው። እማማ ሂልማ አጭር፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው ሲግብሪትን ከራስ እስከ እግሯ አዩ።

«ማይ-ብሪት ከሄደች ወር ሳይሞላት ሌላ ይዘህ መጣህ?»

«እማዬ! ማን ነገረሽ?»

«መንደሩ ነዋ። አንተማ መቼ ትነግረኛለህ። ጫማችሁን አራግፉ።»

«እማዬ፣ የላብራቶሪ ሰው ናት። ለሥራ ነው የመጣችው።»

«የላብራቶሪም ትሁን። በሩን ዝጉት፣ ሙቀቱ ወጣ።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ የአጋዘን ሥጋ ሾርባ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ራግናር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና ለእናቱ ያልነገራቸውን ሁሉ ነገራቸው፤ ምርመራውን፣ ቁጥሩን፣ መንጃ ፈቃዱን። እማማ ሂልማ ማንኪያውን ይዘው ቆመው ሰሙት። የመንደሩ ሰው ሁሉ መጠጥ ኃጢአት ነው በሚል የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ውስጥ ያደገ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከጉባኤው ፊት ወንበር ተለይተው አያውቁም። ሲግብሪት የሚመጣውን ፈርታ እጆቿን አጣመረች።

«ጠጥተሃል?» አሉት።

«አልጠጣሁም።»

«ጨርሶ?»

«ለገና አንዲት ብርጭቆ።»

«እሷንም ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር» አሉ። ማንኪያውን አስቀመጡ፣ የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «እንኪ፣ ውሰጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሲግብሪት ዝግጁ አልነበረችም። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፣ አለቀ። ምንም አላስማሉትም። ቦርሳዋን ከፍታ መርፌውን አወጣች።

ደም ሥራቸው ቀጭን ነው፤ ሁለት ጊዜ ፈለገችው። እማማ ሂልማ መርፌውን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«ይሄ ደም ምን እንዲል ነው የምትፈልጊው?»

ሲግብሪት ራግናርን አየችው። እሱ ወለሉን ያያል። «እውነቱን ልንገርዎት? ሰካራም ነዎት እንዲል ነው የምፈልገው።»

ከዚያ የእማማ ሂልማ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲግብሪት ያለቀሱ መስሏት መርፌውን ልትነቅል ነበር። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ዓይን የሚያስነባ ሳቅ።

«ሰማንያ ሰባት ዓመት ተጠንቅቄ!» አሉ። «ሰማንያ ሰባት ዓመት! በይ ሙዪው እንግዲህ፣ ጠርሙሱን ሙዪው። ሰካራም ያደርገኝ እንደሆነ ያድርገኝ፣ ልጄን ብቻ ያውጣልኝ።»

ከዚያ ሾርባ አቀረቡላቸው፤ ሲግብሪትም ሁለት ሳህን በላች።

በማግስቱ ጠዋት የእማማ ሂልማን ደም መጀመሪያ በፈጣኑ መሣሪያ ለካችው። ለሴት ድንበሩ ሃያ ስድስት ነው። ከሃያ ስድስት በታች ከወጣ ነገሩ ከአባትየው የመጣ ነው፤ አባትየው ደግሞ መቃብር ውስጥ ነው።

መሣሪያው አርባ አንድ አለ።

አላመነችም። ደገመችው። አርባ አንድ። የቁርባን ወይን የማይውጡት የሳርኪኒቫዋ አሮጊት፣ በሲግብሪት ሩድ መሣሪያ ሲለኩ ከልጃቸው የባሱ ጠጪ ሆነው ቁጭ አሉ። ጄሉን እስክታይ ግን ለማንም አልነገረችም። ያንን ሦስት ቀን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ነች የምታውቀው። ዓርብ ንጣፉን ብርሃን ላይ ስትዘረጋው የእናትና የልጅ መሥመሮች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሁለት፣ ሁለት፣ እኩል፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ።

ሲግብሪት ወንበሩን ሳትፈልግ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ቀለል ያላትን ቀን አታስታውስም። ብሩር በበሩ ሲያልፍ አያት።

«ወደቅሽ እንዴ?»

«ሰካራም ናቸው» አለች፤ እየሳቀች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ብሩር፣ አሮጊቷ ሰካራም ናቸው!»

ብሩር ንጣፉን አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው። አልሳቀም። «ሌላ ስንት ሰው ይኖራል?» አለ።

ይህንን ጥያቄ እሷም ስትፈራው ነው የሰነበተችው። «አላውቅም። ግን ደሙ አለ። ከድንበሩ በላይ የወጣውን ሁሉ አስቀምጫለሁ።»

«በይ እንጀምር» አለና ነጭ ካፖርቱን ለበሰ። በአራት ዓመት ውስጥ ያንን ካፖርት ለብሶ አይታው አታውቅም።

ከዚያ በፊት ግን ስልክ ደወለች። ራግናር በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«ያንተም የእናትህም አንድ ነው» አለችው። «ከእሳቸው ወርሰኸው ነው እንጂ የመጠጥ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማት።

«ራግናር? አለህ?»

«አለሁ» አለ። «ቁጭ ልበል ብዬ ነው።» ወንበር ሲጎተት ተሰማት። ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ ረጅም ትንፋሽ። «አምስት ወር ሙሉ... ታውቂያለሽ፣ በመጨረሻ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ተኝቼ እየሄድኩ ይሆን እንዴ የምጠጣው እያልኩ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች ሲግብሪት። ይህንን ቃል ለመናገር የተዘጋጀችበት ብዙ ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት።

«አንቺ እኮ ነሽ ወረቀቱን ደግመሽ ያየሽው» አለ። «ሌላውማ ማን አየው?»

ለማይ-ብሪት ደብዳቤውን ራሱ ላከላት። ረቡዕ ዕለት የላብራቶሪው ስልክ ጮኸና አንዲት ሴት ስሟን ሳትናገር «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እውነት ነው» አለች ሲግብሪት፤ ማን እንደሆነች ወዲያው ገብቷት ነበር።

«ደብዳቤ ማስመሰል ይቻላል። የመጀመሪያው ባሌ የሐኪም ማኅተም እንኳ ነበረው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከፈለግሽ ነይና መሥመሮቹን በዓይንሽ እይ።»

«ዱቄቱን ነፍቼበታለሁ» አለች ሴትየዋ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ቆሞ እያየኝ። ወንፊቱን ይዤ። አሁን በየትኛው ፊቴ ነው የማየው?»

«እሱን አላውቅም» አለች ሲግብሪት። «እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ውሸታም ብየዋለሁ። ከሳምንት በኋላ እናቱ ቤት ሾርባ አብሮኝ በላ።»

ማይ-ብሪት ወዲያው አልተመለሰችም። አፍራ ነበር። ሲግብሪትና ብሩር ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ ምድር ቤት ገብተው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደም አንድ በአንድ በጄሉ ላይ አስኬዱ። ሦስት መቶ አሥሩ የጠጪ መሥመር ነበራቸው፤ ልክ ነበሩ። ሲግብሪት ለዚህም በልቧ አመሰገነች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ መሬት አልወደቀም። ሁለቱ ግን እንደ ራግናር ነበሩ። አንዷ ከሥራ የታገደች የሕፃናት ማዋያ ወጥ ሠሪ ናት። ሌላው ከሚስቱ ተፋትቶ ልጆቹን ማየት ይፈቀድለት አይፈቀድለት የሚል ውሳኔ የሚጠብቅ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ውሳኔው ሊሰጥ አሥር ቀን ቀርቶታል። ሲግብሪት ለሁለቱም ራሷ ደወለች። ወጥ ሠሪዋ ስልኩ ላይ ጮኸችባት፣ ጮኻ ስትጨርስ አመሰገነቻት። ዓሣ አጥማጁ ምንም ሳይል ዘጋና ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ፤ «ይድገሙልኝ፣ ለወንድሜ ላሰማው» አለ። ከዚያ ወዲህ ከላብራቶሪው ቁጥሩ ከፍ ያለ ውጤት መሥመሩ በዓይን ሳይታይ አይወጣም።

የራግናር መንጃ ፈቃድ በግንቦት መጀመሪያ ተመለሰለት። በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲግብሪት ቤቷ መስኮት ስታጸዳ ስልክ ተደወለ።

«እኔ ነኝ» አለ ራግናር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ምነው ታንሾካሹካለህ?»

«ጠዋት አውቶቡሴን ካሊክስ ጣቢያ ሳቆም ማይ-ብሪት ሻንጣዋን ይዛ ተሰልፋለች። ከስድስት ሰው ኋላ። ተራዋ ሲደርስ “ወደ ቤት፣ አንድ ሰው” አለችኝ። “መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?” አልኳት።»

«አንተ! እንዲህ አልካት?»

«ሌላ ምን ልበል? ሰው ሁሉ እያየን ነው። “መሄጃ ብቻ” አለችና ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። በመስታወት ሳያት ታለቅሳለች፣ መንገዱን ሳይ አያታለሁ፣ እሷን ሳይ መንገዱ ይጠፋኛል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ እንደ ዛሬ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ሃያ ደቂቃ ዘገየሁ፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም ነው የደረስነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሶፋው ላይ ተኝታለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። “ትንሽ ጋደም ልበል” አለችና ወዲያው ጭልጥ አለች። ሁለት ሰዓት ሆናት።»

«አንተ ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁጭ ብያለሁ» አለ ራግናር። «ምንም አላደርግም። ድስቱን እንኳ አልጣድኩም፣ ድምፅ ያሰማል ብዬ። በቃ፣ ለሆነ ሰው ልንገር ብዬ ነው የደወልኩት።»